36 ፎቶ፣ አንድ ግድግዳ

ካሜራዬ ለአራት ወር ከቦርሳው አልወጣም። የትም ብሄድ ያየሁት ሁሉ ከዚህ በፊት ያነሳሁት ይመስለኝ ነበር። ሚሞሪ ካርዴ ተመልሼ ባላየኋቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተሞልቷል። እጄ ቶሎ ቶሎ ይጫናል፣ ቀልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው።

እንደገና ስጀምር ለራሴ ደንብ አወጣሁ። ዙም የሌለው አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ። ስክሪኑ ጠፍቶ ይቆያል። በአንድ ቀን ከ36 ፎቶ በላይ አይነሳም። ቁጥሩን የወሰድኩት ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ አንድ ጥቅል ቢበዛ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ያንን ያህል ነበር። ከሁሉም በፊት ደግሞ 10 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ።

የከበደኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የዛፍ ጥላ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ስልክ ፍለጋ ኪሴ ገባ። ያልመለስኩት መልእክት፣ ያልጨረስኩት ሥራ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ተነስቼ ልሄድ ስል የጥላው ጠርዝ ፈቀቅ ማለቱን አየሁ። ደግሞ ጥላው ጥቁር አልነበረም፤ ሰማያዊ ነገር አለው። ፀሐይ በቀጥታ ያልነካችው ቦታ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ነው። ይህን ባውቀውም በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን አራት ፎቶ ብቻ አነሳሁ። ተወጥሮ የከረመው ትከሻዬ ላላ ማለቱን ያወቅሁት ቤት ስገባ ነው።

ትንፋሽ ላይም አንድ ነገር ተማርኩ። ብርሃን ሲያንስ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውን የካሜራ መዝጊያ፣ 1/30 ሰከንድ ላይ አደርገዋለሁ፤ እጅ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ቀስ ብዬ ተንፍሼ፣ ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል እጫናለሁ። ለፎቶው ጥራት ብዬ የጀመርኩት ነገር እኔንም አረጋጋኝ።

ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎቹን ፎቶ እያነሱ ያለፉ ሰዎች፣ ዝም ብለው ከተመለከቱት ያነሰ ነገር አስታወሱ። ዙም አድርገው የዕቃውን አንድ ክፍል ያነሱት ግን ትውስታቸው አልቀነሰም። ሳነበው ያ የታጨቀ ሚሞሪ ካርዴ ትዝ አለኝ። እኔ ዙም ስለሌለኝ በእግሬ እጠጋለሁ፤ ስጠጋም ብዙ አያለሁ።

የተሳሳትኩትም አለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ 36ቱን መጨረስ እንደ ግዴታ ሆነብኝ። የመጨረሻዎቹን 20 በጥድፊያ አነሳኋቸው፤ አንዳቸውም የረባ ነገር የላቸውም። አሁን ምንም ሳላነሳ ብመለስም ቀኑ እንደባከነ አልቆጥረውም።

ፎቶዎቹን የማየው ከሳምንት በኋላ ነው። በዕለቱ ካየኋቸው የምፈልገው ያሰብኩትን ብቻ ነው። የግድግዳውን አራት ፎቶዎችም እንደዚያው ቆይቼ ከፈትኳቸው። ሦስቱ እንደጠበቅኋቸው ናቸው። አራተኛው ላይ፣ በጥላው ጠርዝ፣ ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ አለ። ያን ሁሉ ደቂቃ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አላየሁትም። በማግስቱ ወደዚያው ግድግዳ ተመለስኩና በጣም ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጉንዳኖቹ አሁንም በዚያው መስመር ይሄዳሉ።