ጎሼ ዘውዱን ከየት አመጣው?

ዛሬ ምንም ሳይሆን ደብሮኛል፣ ዝናቡ ይሁን ስራው እንጃ። ሲቪዬን አስተካክዬ ልልክ ላፕቶፕ ከፈትኩና እንደለመደብኝ የድሮ ሳንቲም ጨረታ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ፣ መቼም ታውቁኛላችሁ።

አንዷ ፎቶ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ስስ የብር ሳንቲም ናት፣ በመዶሻ የተመታች። ያኔ ምስል የተቀረጸባቸው ሁለት ማተሚያ ብረቶች ነበሩ፣ አንዱ ግንድ ላይ ይተከላል፣ ብሩ እሱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላኛውን በእጅ ይዘው ከላይ በመዶሻ ጓ! ለዛ ነው ምስሏ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ የዳር ፊደሎቿ ግማሽ ግማሽ የሆኑት። ከፊት ዘውድ የደፋ ሰው፣ ከኋላ ረጅም መስቀል፣ በመስቀሉ መሃል መሃል ሶስት ሶስት ነጥብ፣ ቁርጥ የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ በፈረንጆቹ 1279 ያወጣው ፔኒ። ጽሁፉን ስታነቡት ግን ሰውየው ጎሼ ደ ሻቲዮን ነው፣ የፖርሲየን (ሰሜን ፈረንሳይ ነው) ባላባት፣ ያስመታትም ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለች ኢቭ በምትባል ትንሽ ቦታ። ንጉስ አይደለም እኮ!

ነገሩ፣ የእንግሊዝ ፔኒ ብሩ ጥሩ ስለሆነ ነጋዴው ሁሉ ያምነዋል፣ የነኢቭ አካባቢ ባላባቶችም እሱን የሚመስል ማስመታት ጀመሩ። ከጎሼ በፊት የነበሩት ትንሽ ይሉኝታ ነበራቸው፣ ብዙዎቹ ዘውዱን ትተው የጽጌረዳ አክሊል ነው ያደረጉት። ኤድዋርድ ግን በ1299 የገና በዓል ላይ የነዚህን አስመሳይ ሳንቲሞች ዋጋ በግማሽ ቆረጠው፣ በ1300 ፋሲካ ላይ ደግሞ ጭራሽ ከለከላቸው። ጎሼ ከዛ በኋላ መጥቶ ዘውዱን ደፍቶ አረፈው። (ሰው መቼም የሚያምነው መልክ ነው፣ የኛስ ጠገራ ብር፣ ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞታ እንኳን ስንት ዘመን በዛው መልክና በዛው ዓመተ ምህረት እየተመታ መጣ አይደል?)

ያልገባኝ ግን፣ ማስመሰሉ ካልቀረ ስሙን ለምን አስጻፈበት? ማንበብ የሚችል ቢይዘው "እኔ የራሴን ነው ያስመታሁት" ሊል፣ ለማይችለው ደግሞ ምስሉ ይበቃል፣ እንዲህ ነው የሚመስለኝ። በ1302 የፈረንሳይ ንጉስ የጦር አዛዥ የሆነ፣ በ1329 እስኪሞት ድረስ የተከበረ ሰው እኮ ነው። ገበያው ሳንቲሙን የኤድዋርድ መስሎት ሲቀበለው ግን ደስ ይለው ነበር ወይስ ይቆጨው? እኔ ብሆን ይቆጨኝ ነበር፣ ማለቴ ባላባት ብሆን፣ ከየት አባቴ እንደምሆን እንጃ እንጂ።