የቁስቋሟ እመቤቴ የነጠፈ ጡቴን መለሰችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተሳልኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለቁስቋም ማርያም ጥላ ማስገባት፣ ሁለተኛው የተደረገልኝን ሳልደብቅ መመስከር። ጥላውን አስገብቻለሁ፤ የቀረኝ ይህ ነው። ስሜ ይቆይ፤ የጎንደር ልጅና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ይህ ይበቃል።

ልጄን የወለድኩት በሐምሌ አጋማሽ፣ በዚያ በማያባራ ዝናብ ነው። እንገሩን ጠባ፣ ወተቴም ሞላ። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ እናቴ በገንፎና በአጥሚት ስታገላብጠኝ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ወተት ያንሰኛል የሚል ሐሳብ በልቤ አልፎም አያውቅ። እንዲያውም ቀሚሴን እያራሰ ሰው ፊት ያሳፍረኝ ነበር።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ ሆዴን ቆረጠኝ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችኝ፤ አልተወኝም። ሌሊቱን ትኩሳትና ትውከት ሲጨመርበት ሆስፒታል ወሰዱኝ። ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈንድቷል ተባለ። ኦፕራሲዮን ተደረግሁ፤ መግሉ ስላልጠራ እንደገና ተከፈትኩ። የዚያን ሰሞን ነገር አሁን በቅጡ አላስታውሰውም። ትዝ የሚለኝ የተንጠለጠለው ግሉኮስ፣ የእናቴ መቁጠሪያና የጡቴ ሕመም ነው። የተቀደደው ሆዴ፣ የምጮኸው ግን ጡቴን። አግቶ፣ ጠጥሮ፣ ብብቴ ድረስ ይጠዘጥዘኝ ነበር። አንድ ሰው «የምትወስጅው መድኃኒት ወደ ወተቱ ይገባል፤ እንዳታጠቢ» አለኝ። ማን እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም። ካላጠባሁ መታለብ እንዳለብኝ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ቀን ሲገፋ ሕመሙ ጋብ አለ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ለካ ወተቱ እየነጠፈ ነበር።

ቤት ስገባ ልጄ የጡጦ ልጅ ሆኖ ጠበቀኝ። አማቴ የዱቄት ወተት እየበጠበጠች በደንብ ይዛዋለች፤ ያቆየችልኝ እሷ ናትና ዕድሜ ይስጣት። ጡቴን አውጥቼ ስሰጠው አሸተተው፣ አንድ ሁለቴ ሳብ አደረገው፣ ከዚያ ጀርባውን ለጥጦ ፊቱን አዞረና ቤቱን በጩኸት ሞላው። ጡጦውን ሲያይ ዝም። እናት የሆነች ይህን ታውቀዋለች።

ጎረቤት ደግሞ መፍትሔ አያጣም። አንዷ «ብርድ መቶሽ ነው» አለች። ሌላዋ «ዓይን ነው እንጅ፣ ያን ሁሉ ወተት ሰው ፊት ስታፈሽው» አለች። በዕድሜ የገፉ እናት ደግሞ ቡናቸውን ፉት ብለው «ልጀ፣ ጡት አንዴ ከነጠፈ አይመለስም፤ ልጅሽን በላም ወተት አሳድጊ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ቤታችን ከቁስቋም ግርጌ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ ፍርስራሹ ከደጃችን ይታያል። ጊዜው ጽጌ ነበር፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት የሚታሰብበት። ቅዳሜ ማታ ካህናቱ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፣ ከበሮውና ጸናጽሉም እኛ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ስፌቴ ዳገት አያስወጣኝም ነበርና መስኮቱን ከፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ ቆምኩ። «እመቤቴ፣ አንችም አጥብተሻል። ሕፃን ይዘሽ በሰው አገር ተንከራተሻል። ልጅ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚያደርግ ለአንች አልነግርሽም። ወይ ከልጅሽ ለምነሽ ወተቴን መልሽልኝ፣ ወይ ይህን ልቤን አሳርፊልኝ» አልኳት። ስለቱንም ያን ጊዜ ነው የተሳልኩት። እሁድ ጠዋት እናቴ ጸበል አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ፣ ጡቴንም ቀባሁት። ከዚያ ጨበጥ አድርጌ አየሁት።

ምንም የለም።

እውነቱን ልናገር ብዬ ተስያለሁና አልሸሽግም፤ ከፋኝ። ሌሊት ለምኜ ጠዋት የሚፈስ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ቁስሌን ላስጠርግ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ቁስሌን እያየች «ልጅሽስ እንዴት ነው?» ብትለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ነገርኳት። ፋሻውን አስቀመጠችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «የነጠፈ ጡት እኮ ይመለሳል። ወልደው የማያውቁ ሴቶች እንኳ የማደጎ ልጅ አጥብተዋል። ወተቱ የሚሠራው ሲወጣ ነው፤ ውስጥ ከቀረ ሰውነትሽ አልተፈለገም ብሎ ያቆማል። ልጁ እስኪመለስልሽ በእጅሽ እለቢው» አለችኝ። መድኃኒቱን ስነግራት ደግሞ «አብዛኛው መድኃኒት ጡት ማጥባት አያስቆምም። ወደፊት አጥብቀሽ ጠይቂ፤ የግድ ማቆም ካለብሽም እያለብሽ ቆይ» አለች።

እዚያው አለማመደችኝ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጡት በመዳፍ ለስለስ ተደርጎ ይታሻል። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ላይ ያርፋሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፣ ጫፉም አይሳብም። የሚያም ከሆነ አያያዙ ልክ አይደለም። ቦታ እየቀያየሩ ዙሪያውን ማዳረስ፣ ሁለቱን ጡት እያፈራረቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ሌሊትም ጭምር፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላልና። «መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነው የምታይው፣ ምንም ላታይም ትችያለሽ። አትቁጠሪው፣ እለቢ ብቻ» አለችኝ። የዱቄቱን ወተት በድንገት እንዳላቋርጥ፣ ይበቃ ብዬም ውሃ እንዳላበዛበት አስጠነቀቀችኝ። የላም ወተት ለዚህ ዕድሜ እንደማይሆንም ነገረችኝ። አብሽ ልጠጣ ወይ ብላት «ጠጭ፣ አልከለክልሽም፤ ያልታለበ ጡት ግን አብሽ አይሞላውም» ብላ ሳቀች።

ፓምፕ የሚባል ነገር አለ፤ ያላት ብትጠቀምበት መልካም ነው። እኔ ግን መብራት በሚሄድበት ሰፈር በእጄና በቡና ሲኒ ነው ያለብኩት። ሲኒው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ ልጁ አጠገቤ ይተኛል። መጀመሪያ ሰሞን ከጡቴ የሚወጣው ጫፉ ላይ ብልጭ የምትል፣ ወፈር ያለች ቢጫ ጠብታ ነበረች። የሲኒውን ቂጥ እንኳ አትሸፍንም። ያቺኑ በጣቴ ጠርጌ ለልጄ አልሰው ነበር።

ውሃ በፈረቃ ነው፤ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ለእጅ መታጠቢያና ለሲኒው ማፍያ ባለቤቴ ጀሪካን ይሸከማል። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነው፤ የስልኩን ደወል ሞልቶ ይተኛና ሲጮህ ጎኔን ነካ አድርጎ «ጥገቷ፣ ሰዓት ደርሷል» ይለኛል። ስፌቴን ይዤ ስስቅ እነሣለሁ። እንዲህ ያለ ቀልድ ባይኖር ኖሮ ትቼው ነበር ብል አልዋሸሁም። ቅዳሜ ሌሊት ግን ደወል አያስፈልገኝም፤ ማኅሌቱ ይቀሰቅሰኛል። እነሱ እዚያ ቆመው ያሸበሽባሉ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አልባለሁ። ጸሎቴ ያኔ አጭር ሆነች። «አበርችኝ» ብቻ። ድካሙ ሲብስብኝ እሱንም እተወውና እጄ ብቻ ይሠራል።

ልጁን ወደ ጡት መመለሱ ሌላ ትግል ነበር። ሲርበው ከሰጠሁት ይቆጣል፤ ስለዚህ ነርሷ እንዳለችው እንቅልፍ ሲጀማምረው፣ እኔም እሱም ሳንለብስ ደረት ለደረት ተጣብቀን ከላይ ጋቢ ደርበን እንተኛለን። በኋላም ቀጭን ቱቦ ሰጠችኝ፤ በአፋቸው መጥባት የማይችሉ ሕፃናት የሚመገቡባት ዓይነት። አንደኛውን ጫፍ ከጡቴ ጫፍ ጋር በፕላስተር እለጥፈዋለሁ፣ ሌላው የተበጠበጠው ወተት ያለበት ሲኒ ውስጥ ይገባል። ሲኒውን እናቴ ትይዛለች፤ ከፍ ስታደርገው ፈጠን ይላል፣ ዝቅ ስታደርገው ይዘገያል። ልጄ ጡት እየጠባሁ ነው ብሎ ይስባል፣ ሆዱም ይጠግባል፣ የሱ መሳብ ደግሞ ጡቴን ይቀሰቅሰዋል። እናቴ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ሲኒውን ይዛ፣ «ኧረ ይኸ ልጅ ተሸወደ!» ስትል አሁንም ይታየኛል።

ወተቱ የመጣው በእሁድም በበዓልም አይደለም፤ በተራ ረቡዕ ነው። ሊነጋጋ ሲል ቀኙን እያለብኩ ጡቴን ወረር አደረገኝ። የረሳሁት ስሜት ነበር። ወዲያው እግሬ ላይ ሙቅ ነገር ጠብ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ያልነካሁት ግራው ጡቴ በራሱ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ባለቤቴን ስጠራው ደሜ የፈሰሰ መስሎት ዘሎ ተነሣ። እናቴ ከማድ ቤት መጥታ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ተወለደ ብሎ ወጣ።

ኅዳር 6 ቀን፣ የቁስቋም በዓል፣ ልጄን ታቅፌ ዳገቱን እያረፍኩ ወጣሁ። ያኔ ወተቴ ገና ግማሽ ነበር፤ ዱቄቱንም አልተውኩም። አንዳንድ ሰው ስመሰክር ይህን እንድዘለው ይፈልጋል፤ ምስክርነቱን የሚያሳንስ ይመስለዋል። እኔ ግን በግማሹም ሰግጃለሁ። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ ከዱቄቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ፣ ሽንቱን እያየሁ (በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበ ደኅና ነው)፣ ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ ሄድኩ። ነርሷ በወር ቢያንስ ግማሽ ኪሎ እንዲጨምር ትፈልግ ነበር፤ እሱ አላሳፈረኝም። የነቢያት ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ቁስልሽ አልጠገገ፣ ሕፃን ታጠቢያለሽ፤ ብይ» አሉኝ፤ በላሁ። ገና ካለፈ በኋላ ያለቀው የዱቄት ቆርቆሮ አልተተካም። ለጥምቀት ስድስት ወር ሞላውና ገንፎ ቀመሰ።

አሁን ሰው የሚጠይቀኝ «ወተትሽን የመለሰው ማለቡ ነው ወይስ ጸሎቱ?» እያለ ነው። አንዱ ወገን «ሳይንስ ነው፣ ማርያምን ምን አገባት» ይላል። ሌላው ደግሞ ሲኒውንና ቱቦውን ስናገር ቅር ይለዋል፤ ጸበሉን ብቻ እንዳወራ ይፈልጋል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ቅዳሜ ለመንኩ፣ ሰኞ ስለ ጡት የምታውቅ ሴት ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት ስንት ነጭ ጋዋን አልፎኝ ሄዷል፤ ስለ ልጄ የጠየቀኝ ግን የለም። ሌሊት ሌሊት የተነሣሁበት ጉልበትም የኔ አልነበረም፤ የተቀደደ ሆዴን እኔ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞክራ ሞክራ ወተቷ ያልተመለሰላት፣ ወይም በግማሽ የቀረባት እናት አለች። እምነትሽ አንሶ ነው የሚላትን እኔ አልሰማውም። ግማሽም ቢሆን፣ አንድ ሲኒም ቢሆን ለልጁ ይጠቅመዋል፤ ያልሆነላትም ልጇን አቅፋ በጡጦ ብታሳድግ እናት ናት። የኔም ቢሆን ግራው እንደ ቀኙ አልሞላም፤ ልጄ ያውቀዋል፣ መጀመሪያ የሚጎትተው ቀኙን ነው። አሁን ደግሞ ከታች ሁለት ጥርስ አውጥቶ መንከስ ጀምሯል። ለዚህኛው ገና አልተሳልኩም።