ሥጋውን አትንኪው

ዛሬ ከሥራ ስገባ ምንም የማብሰል ሐሳብ አልነበረኝም። ጫማዬን ወርውሬ አልጋ ላይ ዘርገፍ ልል ስል ፍሪጅ ውስጥ ትናንት ጠዋት ያስገባሁት ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ትዝ አለኝ። የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ጥሬውን አንድ ወይ ሁለት ቀን ነው ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው፣ ከዛ በኋላ ወይ ፍሪዘር ወይ ድስት ወይ ቆሻሻ፣ ሥጋ ከጣልኩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጨኝ ነው የማድረው። እያጉረመረምኩ ተነሳሁ። የታችኛውን መሳቢያ ስከፍት ሦስት ካሮት፣ ቆዳቸው መጨማደድ የጀመረ ሁለት ድንች፣ ጫፉ የጠቆረ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ፎሶሊያ፣ እና እንደኔው ደክሞት የተዘረረ ሰለሪ። በቃ ሾርባ ነው አልኩ፣ ሌላ ነገር የሚወጣው ስብስብ አይደለም።

እዚህ ጋ ልናዘዝ። እኔ ለብዙ ዓመት ሾርባ የምሠራው ልክ ልብስ እንደምዘፈዝፍ ነበር፣ ሁሉንም ነገር ባንዴ ከትቼ ውሃ ሞልቼ መጣድ። ሥጋው ግራጫ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል፣ አትክልቱ ይፈርሳል፣ ውሃው የብቻው ሥጋው የብቻው፣ ስትቀምሱት የሚሰማችሁ ጨው ብቻ። እና ሁሌም የማሳብበው በሌላ ነገር ነበር፣ ሥጋው ጥሩ አይደለም፣ ካሮቱ ከርሟል ምናምን፣ አንዴማ ድስቱ ነው ብዬ አዲስ ድስት ገዛሁ። አዲሱም ድስት ያንኑ ግራጫ ሾርባ ሠራልኝ።

የነቃችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። ስልኩን ጨው ዕቃው ላይ አስደግፌ በቪዲዮ እያወራን ሥጋውን ቶሎ ቶሎ አማስላለሁ፣ እሷ ወሬዋን አቋርጣ

"አንቺ፣ ምን እያረግሽው ነው?"

"እየጠበስኩት ነዋ።"

"ይሄማ መጥበስ አይደለም፣ እሽሩሩ ነው። ማማሰያውን አስቀምጪና ሥጋውን አትንኪው!"

"እስከ መቼ?"

"ራሱ ድስቱን እስኪለቅልሽ።"

ሳቅኩባት። ግን እውነቷን ነበር፣ ያን ቀን ከሷ ጋር ስንነታረክ ረስቼው የቆየሁት ሥጋ ነው በሕይወቴ መጀመሪያ በትክክል የጠበስኩት።

ስለዚ ዛሬ እንደዛው። ሰፊ ድስት፣ ሥጋውን በሶፍት ደረቅ ደረቅ አርጌ፣ ዘይቱ እስኪግል ጠብቄ፣ ግማሹን ብቻ ለጠፍኩት፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። ለምን በሁለት ዙር? ባንዴ ከታጨቀ ሥጋው ውሃውን ይለቅና በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ድምፁ ይናገራል፣ ስትጨምሩት ጭስስስ ካለ ደህና ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ቡክ ቡክ ወደ ማለት ከሄደ ግን እየፈላ ነው። ውሃ ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፣ ሥጋን ቡናማ የሚያደርገውና ያንን ሽታ የሚያመጣው ነገር በደንብ የሚጀምረው ወደ 140 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ውሃው ተንኖ ሳያልቅ ምንም ብታማስሉት ግራጫ ነው። ማያርድ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው በ1912 ነገሩን የጻፈው፣ ስሙም በሱ ቀረ። እኔ ያነበብኩት ከእህቴ ጋር ተከራክሬ ልረታት ፈልጌ ነበር። እሷን ደግፎ ተገኘ።

እና ቆሜ አየዋለሁ። አምስት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም ትላላችሁ፣ እኔ ግን ሜሴጅ ልኬ ታየ አልታየ ብዬ በየሰላሳ ሰከንዱ ስልክ የምከፍት ሰው ነኝ፣ እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ማማሰያው ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዛ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር መጣ፣ አንዱን ጥግ በማንኪያ ነካ ሳደርገው ሙሉውን እንደ ቂጣ ተነሳ፣ ስር ስሩ ቡናማ፣ ቤቱን ያወደው ሽታ ሌላ ነው። ያኔ ነው መፈርፈር ያለበት፣ ከዛ በፊት አይደለም።

ስቡ በዝቶ ነበር፣ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ትቼ ሌላውን አሮጌ ጣሳ ላይ ገለበጥኩት። ሲንክ ውስጥ አይደለም!! አንዴ ሲንክ ውስጥ ደፍቼው ቱቦው ውስጥ ረግቶ ቧንቧ ሠሪው ሲያወጣው ሻማ ነው የሚመስለው፣ ሰውየው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።

ሥጋውን አውጥቼ እዛው ድስት ላይ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ ከዛ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ቀይ መልኩ ጠቆር እስኪል ሁለት ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ምክንያቱም ቶሎ ያርና ይመራል። አሁን የድስቱ ስር ላይ ጥቁር ቡናማ ነገር ይዟል። ይሄ ነገር ድሮ አረረብኝ ብዬ በሽቦ የምፈትገው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሾርባውን ጣዕም ፈትጌ ፈትጌ ነው የደፋሁት፣ ሳስበው ያመኛል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ፉፉፉ ብሎ በጭልፋው ጀርባ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሁሉም ለቀቀ፣ ውሃው ባንዴ መረቅ መሰለ፣ ገና ምንም ሳይፈላ።

ሥጋውን መለስኩ፣ ሁለት ሊትር የማይሞላ ውሃ፣ ካሮትና ድንች። የተፈጨ ቲማቲም አለኝ እሱ ግን ይቆይ። ይሄንንም በኪሳራ ነው የተማርኩት፣ አንዴ ቲማቲሙን ከመጀመሪያው ከድንቹ ጋር ከትቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልቶ ድንቹ ጥርስ ስር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጥፋቱን እንደልማዴ ለድንቹ ሰጠሁት። ለካ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ነው፣ አትክልቱን አያይዞ የያዘውን ነገር እንዳይሟሟ ያደርገዋል። አንድ ማንኪያ ድልህ ብዙም አያመጣም፣ ቆርቆሮ ሙሉ ከሆነ ግን ድንቹ እስኪበስል መጠበቅ ነው። ጎመንና ፎሶሊያው ደግሞ የመጨረሻዋ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

እሳቱን ቀነስኩ፣ ክዳኑን ገርበብ። መስኮቱ በእንፋሎት ደፈነ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ስልክም አልያዝኩም፣ እየተንተከተከ ዝም ብዬ ሰማሁት። ዛሬ ሥራ ቦታ ሁሉም ነገር "አሁኑኑ" ነበር፣ አሁኑኑ ላኪው፣ አሁኑኑ ደውይ፣ የላኩትን ደግሞ እስካሁን ማንም አልከፈተውም። ድስቱን ማንም አሁኑኑ ሊለው አይችልም። ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ትንሽ እንቅልፍም ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ።

ከዛ ቀመስኩት። ጨው! የሾርባ ኪዩብ መጨመሬን ረስቼ ለራሱ ደግሞ ጨው ጨምሬበታለሁ፣ ሁለቱ ተደምረው ባሕር። ድንች ክተቺበት ጨው ይመጣል የሚባለውን ድሮ ሞክሬዋለሁ፣ ድንቹ የሚመጠው ጨዉን ከነውሃው ስለሆነ የተረፈው ያው እንደነበረው ጨዋማ ነው፣ ያተረፍኩት ጨዋማ ድንች ነበር። ያለው መድኃኒት ውሃ ነው። ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ቀጠነ፣ ስለዚህ የበሰሉትን ድንቾች በጭልፋ የድስቱ ግድግዳ ላይ ጨፈለቅኳቸውና ወፈር አለልኝ፣ ቲማቲሙ፣ ጎመኑ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ ጠብ። ሎሚው ጨዉን አያጠፋውም ግን ምላስ ይሸውዳል።

አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቆሜ ነው የበላሁት፣ ሁለተኛውን ተቀምጬ። ሥጋው እንደ ድሮው ከላይ አልተንሳፈፈም፣ ማንኪያው ሲገባ ካሮትም ሥጋም መረቅም አብሮ ይወጣል፣ ግንባሬ ላቦት ችፍ አለበት።

የተረፈውን ከነድስቱ ፍሪጅ አልከተትኩም፣ ትልቅ ድስት መሀሉ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚያድረው፣ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ አከፋፈልኩት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ገባ። በዚህ በኩል ቀልድ አላውቅም፣ ሙሉ ሥጋ ሲሆን ጀርሙ ያለው ላዩ ላይ ነው፣ ሲፈጭ ግን ላዩ ውስጡ ሆኖ ይቀላቀላል፣ ለዛ ነው የተፈጨው መሀሉ ድረስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት የሚሉት፣ ሾርባ ደግሞ ተንተክትኮ ስለሚቆይ ከዛ ያልፋል። ሦስት አራት ቀን ይበላል። ፍሪዘር ግን አላስገባም፣ ድንቹ ሲቀልጥ አሸዋ አሸዋ ይላል።

አሁን አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ለእህቴ ፎቶ ላኩላት፣ ወዲያው አየችው (አዎ አይቻለሁ እንዳየችው)።

"ሥጋውን አልነካሽውም?"

"አልነካሁትም።"

"ጎበዝ! ጨውስ? ልክ ነው?"

ልክ ነው ብዬ ጻፍኩላትና ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃዬን ልቀዳ ተነሳሁ።