ዓሣው ራሱ እንዲመለስ፦ በአንድ የቦርከና ገባር ላይ የሠራነው ሥራ

ወንዝ ዓሣ ሲያጣ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ከሆነ ቦታ የዓሣ ጫጩት አምጥቶ መጨመር ነው። እኛ ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገባ አንድ ትንሽ ወንዝ ላይ ስንሠራ አንድም ዓሣ አልጨመርንም። ዓሣው ከታች በቦርከናም፣ በጨፋ ረግረግም አለ። የቸገረው በበጋ የሚቆይበት ውሃ፣ እንቁላሉን የሚጥልበት ንጹሕ ጠጠርና ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ ይመጣል፤ አንዱ ከጎደለ ግን የተጨመረውም አይቆይም።

የምንጠብቀው በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። ባርበስ ክረምት ሲገባ ከትልቁ ወንዝ ወደ ገባሩ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውሃ፣ ጠጠር ላይ ይራባል። ጋራ ከአፉ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አልጌ እየፋቀ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል የደፈረሰና የታቆረ ውሃ ይችላል፤ ዝናብ ሲጥል ሌሊት ውሃ በዋጠው ሣር ላይ ይራባል። ስለዚህ አምባዛ ስለታየ ብቻ ወንዙ ደኅና ነው ማለት አያስኬድም። እኔ የማምነው ጋራን ነው።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ኅዳር ላይ ውሃው ሲጠራ ፈጠን ብሎ ከሚወርድበት ቦታ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ማየት ነው። ድንጋዩ ከግማሽ በላይ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ከተገኘ እዚያ የተጣለ እንቁላል ታፍኖ ይሞታል። ድንጋዩ በቀላሉ ከተነሣ፣ ሥሩም ጭራቸው እንደ ክር የቀጠነ ጠፍጣፋ ነፍሳት ከተርመሰመሱ፣ በጠጠሩ መካከል አየር ያለው ውሃ ያልፋል ማለት ነው። ጋራ ባለበት ደግሞ በድንጋዩ ጀርባ ላይ ካለው ቡናማ አልጌ ተፍቆ የነጣ ቦታ ይታያል።

ከሁሉ የቀደመው ግን የበጋው ውሃ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ስለሆነ ጠለፋው፣ ማለትም ወንዙን ወደ መስኖ ቦይ የሚመልሰው ክትር፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ይዞት ይሄዳል። በልጉ ከቀረ ጭራሽ የከፋ ይሆናል። የመስኖ ውሃውን በተራ ከሚያከፋፍለው የውሃ አባትና ከተጠቃሚዎቹ ጋር ስንመክር ቶሎ የቀረበው ሐሳብ ለወንዙም እንደ ሰው ተራ እንስጠው የሚል ነበር። ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው፤ ለዓሣ ግን አይሠራም። ሽንኩርት ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ዓሣ ያለ ውሃ አንድ ሌሊት አያድርም። የተስማማንበት በጠለፋው ዝቅተኛ ቦታ ሁለት ስንዝር ስፋት ያለው፣ ወለሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ማንም በጭቃ የማይደፍነው ክፍት እንዲተው ነው። ክፍቱን ከሩቅ የሚታይ አድርጎ መሥራት ይሻላል፤ መደፈኑ ወዲያው ስለሚታወቅ ጠብ አያስነሣም። የውሃ ሞተር ያላቸውም የመሳቢያውን ጫፍ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት በተሸፈነ ሰፊ ቅርጫት ውስጥ ያደርጋሉ። ቅርጫቱ ጠባብ ከሆነ ቅጠል ይደፍነውና ባለቤቱ ተናድዶ ያወልቀዋል።

በበጋ ዓሣው የሚሰበሰበው በኩሬዎቹ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ጥላ ያለው ኩሬ ሰኔን ያሻግራል፤ ጉልበት የማይደርሰው ግን ይሞቃል፣ የወፍም መጫወቻ ይሆናል። ኩሬ በአካፋ መቆፈር ድካም ነው፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ይሞላዋል። ጎርፉ ራሱ እንዲቆፍር ማድረግ ይቻላል። ሰው ብቻውን የማያነሣቸውን ድንጋዮች ከዳር ጀምሮ እስከ ወንዙ ወርድ አንድ ሦስተኛ፣ ጫፋቸው ወደ ላይኛው ወገን ዘመም ብሎ መደርደር ነው። ውሃው በጫፋቸው በኩል ሲጠብ ወለሉን ይጭራል። የድንጋዮቹ ግማሽ አካል ከወለሉ በታች ካልተቀበረ ግን ሐምሌ ላይ ጎርፉ ይዟቸው ይሄዳል።

ደለሉ የሚመጣው ከላይ፣ ከቦረቦሩና እስከ ዳር ድረስ ከሚታረሰው ማሳ ነው። በቦረቦሮቹ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠራን። ቁመቱ ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ ሁለቱ ጫፎቹ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ፤ መሐሉ እንደ ኮርቻ ዝቅ ይላል። ከታችኛው ክትር አናት እስከ ላይኛው ግርጌ ውሃ ልክ መያዝ አለበት፤ ርቀታቸው የሚወሰነው በዚህ ነው። መሐሉ ዝቅ ካላለ ጎርፉ በጎን ይዞርና አዲስ ቦረቦር ይከፍታል፤ ወሎ ውስጥ ፈርሶ የሚታየው ክትር አብዛኛው ታሪኩ ይህ ነው። ክትር የቦረቦር ሥራ እንጂ የወንዝ ሥራ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሚፈሰው ወንዝ ላይ የሚሠራ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) የባርበስን መንገድ ይቆርጣል።

ዳሩን ለመያዝ ከአኻያ የተሻለ አላገኘሁም። ከዚያው ወንዝ ካለ ዛፍ ከአውራ ጣት እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይወሰዳል። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ተገልብጦ እንዳይተከል ምልክቱ ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያድርና በብረት ዘንግ በተበጀ ጉድጓድ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል፤ ዙሪያው በደንብ ካልተረገጠ ሥሩ አየር ላይ ይቀራል። ጊዜው ላይ ከብዙ ባለሙያ ጋር አልስማማም። ችግኝ በሐምሌ ይተከል ይባላል፤ ለተዳፋቱ ላይኛ ክፍል፣ ለሾላና ለዶቅማ ልክ ነው። ለወንዝ ግርጌ ግን በሐምሌ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ጎርፍ ይነቅለዋል። አኻያውን ጎርፉ ሲሸሽ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ እርጥበቱ ሳይለቅ መትከል ይሻላል፤ እስከ ቀጣዩ ክረምት ዘጠኝ ወር ያህል ሥር ይሰዳል። በዳሩ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ መንቀልም አደጋ አለው፤ ጉቶው ዳሩን ይዞታል። ግንዱን ቆርጦ፣ ቡቃያውን በየጊዜው እየገነጠሉ በመካከሉ አገር በቀል መትከል ነው።

ገበሬው 5 ሜትር ዳር ሳያርስ እንዲተው ሲጠየቅ በምትኩ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት። የዝሆን ሣርና ደሾ የሚባለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ከብቱም የሚጠጣበት አንድ መውረጃ፣ 4 ሜትር ስፋት ያለው፣ ድንጋይ የተነጠፈ ይበጅለታል፤ የቀረው በእሾህ ይታጠራል። ይህን የሚያስከብረው ከደንብ ይልቅ ቅሬው፣ የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ነው።

የድሮ የሲሚንቶ ጠለፋ ግድብ ባለበት ከታች በኩል የድንጋይ መወጣጫ ሠራን። ለአንድ ሜትር ከፍታ 20 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ በመሐል ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። የተለመደው ብልሽት ውሃው በድንጋዮቹ ሥር ሰርጎ መወጣጫው ደርቆ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ተደርድሮ ሲያልቅ ጠጠር፣ አሸዋና ጥቂት ሸክላ አፈር እየበተኑ በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ላይ ላዩን ይፈሳል።

መርዝ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያጠፋል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለበት የተባይ መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ወንዝ ውስጥ ከታጠበ እስከ ታች ያለው ጋራና ነፍሳት ያልቃል። መርጫው ማሳው ላይ ታጥቦ እጣቢው እዚያው ይረጭ። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ዓሣ ማደንዘዝም ጫጩቱን ሳይለይ ይጨርሳል። እንዶድም ቢሆን ውሃው ባነሰበት ጊዜ ብዙ ልብስ ከታጠበበት ዓሣ ይገድላል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎችን ሲገድል ያስተዋሉት ያው አረፋ ለዓሣም መርዝ ነው።

አሸዋ የሚያወጡ ወጣቶችን ማባረር አያዋጣም፤ እንጀራቸው ነው። ከውሃው ወለል በላይ ከተቆለለው እንዲያወጡ፣ ፈጣን ውሃ ያለበትን ጠጠር ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዳይነኩ መስማማት ይቻላል። ፈቃዱን የሚሰጠው አካልም ወሩን ፈቃዱ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው።

ሰው ወሎ ውስጥ ካሉት ሐይቅ ከሚባለው ሐይቅ ወይም ከአርዲቦ ሐይቅ ዓሣ አምጥቼ ልጨምር ካለ አጥብቆ መከልከል ይገባል። ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ራሱ በሰው እጅ የገባ ነው፤ አርዲቦ ውስጥ ያለው ካርፕም እንዲሁ። ካርፕ ምግቡን ወለል እየቆፈረ ስለሚፈልግ ያጸዳነውን ጠጠር መልሶ ደለል ያለብሰዋል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጫ የለውም።