ከጓሳ እስከ ቪሩንጋ ግርጌ፦ የሦስት ወር የበጎ ፈቃድ ማስታወሻ

እናቴ ከመሐል ሜዳ ስትሸኘኝ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና በርበሬውን ለየብቻ በፌስታል ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሿ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ስንቄን በወረቀት ከረጢት ገልብጬ እንድይዘው በትሕትና ነገረችኝ። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መንዝ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በየገበያው እየዞርን፣ በግ ፌስታል በልቶ እንደሚሞት፣ በነፋስ የተወሰደውም ጓሳ በምንለው ደጋችን ሣር ላይ ተሰክቶ እንደሚቀር ስንናገር ዓመታት አሳልፈናል። እኔ ግን የምቃወመውን ነገር በገዛ ሻንጣዬ ይዤ ድንበር ተሻግሬ ነበር፤ በዚህም ከልቤ አዘንኩ።

የተመደብኩት በሰሜን ሩዋንዳ በሙሳንዜ አቅራቢያ፣ በቪሩንጋ እሳተ ገሞራ ተራሮች ግርጌ በሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሲሆን፣ ከዚያ በተጨማሪ በሁለት ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባትን ማገዝ ነበረብኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላደግኩት ለእኔ አየሩ ሞቃት ነበር፤ ሰዎቹ ግን ብርድ ነው ብለው ካፖርት ይደርቡ ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ድንጋዩም ጥቁር ነው፤ ዳገቱ እስከ ደኑ ጠርዝ ድረስ ድንች ተዘርቶበታል። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደ እኛው ከንጋት የሚጀምር መሆኑን ሳውቅ፣ ማለትም እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን እነሱም በቋንቋቸው ሁለት ሰዓት ብለው እንደሚጠሩት ስሰማ፣ ከቤቴ ብዙም ያልራቅኩ መሰለኝ።

ያረፍኩባትን እናት እንደ ልጆቿ «ማማ» እላት ነበር። ሰላምታ ስንለዋወጥ ግራ እጇ ቀኝ ክንዷን ደግፎ ይዘረጋል፤ ይህ የአክብሮት ምልክት ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነብኝ ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዴ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ መንገድ ስሄድ ሰው ሁሉ ያየኝ ጀመር። ማማ ማታ ለብቻዬ ጠርታ፣ በእነሱ ዘንድ አዋቂ ሰው መንገድ ላይ እየበላ መሄዱ ነውር መሆኑን በለሰለሰ ቃል አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ ቆሎውን ቤት ውስጥ ከልጆቿ ጋር እየተሻማን ጨረስነው። ጾመ ነቢያት ሲገባም የወተት ሻይ ስታቀርብልኝ አልጠጣም ማለቴ መጀመሪያ ቅር አሰኝቷት ነበር፤ ምክንያቱን ስትረዳ ግን ባቄላውንና ድንቹን፣ የተወቀጠውንም የካሳቫ ቅጠል ያለ ወተትና ያለ ሥጋ ለብቻው ትሠራልኝ ጀመር። የእነሱን ገና ጾመኛ ሆኜ አብሬያቸው አከበርኩ፤ የእኔው ገና በሁለት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ሲመጣ ማማ ማንም ሳይነግራት ዶሮ አርዳ ጠበቀችኝ።

ሥራውን በሚመለከት የመጀመሪያው ወር ከብዶኝ ነበር። ማመልከቻዬ ላይ ኅብረተሰቡን ስለ አካባቢ ጥበቃ አነቃቃለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋቸውን የማላውቅ ሰው፣ ዳገቱን ሁሉ በእርከን ያሠለጠነ ገበሬ ፊት ቆሜ በአስተርጓሚ ምን እንደማነቃቃ ሳስበው ቃል ያጥረኝ ጀመር። ክበቡ ውስጥ ያሉት ልጆች በጨዋነት ያዳምጡኛል፣ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ነገሩ የተለወጠው በኅዳር አጋማሽ ነው። በሩዋንዳ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ኡሙጋንዳ የሚሉት የጋራ ሥራ አለ፤ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ጤነኛ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ሕግ ያዝዛል፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መኪኖችም ይቆማሉ። የእኛ መንደር የዚያን ቀን ሥራ፣ ጎሽ ከእሳተ ገሞራዎቹ ብሔራዊ ፓርክ ወጥቶ ድንቹን እንዳይረግጥ የተሠራውን ረጅም የድንጋይ ካብ መጠገን ነበር። ካቡን ሳየው ልቤ ሞቀ። መንዝ የካብ አገር ነው፤ አባቴ ግቢያችንን ሲክብ ድንጋይ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። ትልቁ ድንጋይ ከሥር እንደሚሆን፣ ሁለት ድንጋዮች የሚገጥሙበት መስመር በሦስተኛው እንደሚሸፈን፣ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ተወትፎ እንደሚጠብቅ እጄ ያውቀዋል። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሸካራ በመሆኑ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከእኛው ይልቅ ለካቢ የተመቸ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጥቂት አዩኝና፣ ምንም ሳይናገሩ ድንጋይ እየመረጡ ያቀብሉኝ ጀመር። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ያገኘሁት ወዳጅነት በአንድ ወር ንግግር ካገኘሁት ይበልጥ ነበር።

ኡሙጋንዳን ከደቦ ጋር ማነጻጸሬ አልቀረም። ደቦ የሚጠራው ጎረቤት ነው፤ ንፍሮና ጠላ አለው፣ ዘፈን አለው፣ የቀረ ሰው የሚቀጣው በሰው ፊት ሲያፍር ነው። ኡሙጋንዳን የሚጠራው መንግሥት ነው፣ የቀረም ገንዘብ ይቀጣል። ቅጣቱ ወደ አገሬ እንዲመጣ አልመኝም፤ ከሥራው በኋላ ያለውን ስብሰባ ግን አጥብቄ እመኛለሁ፣ ምክንያቱም እጁ አፈር የነካ ሰው ሁሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ስለ መንደሩ ይነጋገራል።

በዚያ ስብሰባ ስለ አገሬ እንድናገር ተጠየቅኩና ስለ ጓሳ ነገርኳቸው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሣራማ ደጋ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት እንደኖሩ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እንዲታጨድ ይከፍቱት እንደነበር፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩ እንደተጎዳ፣ ዛሬም ማኅበረሰቡ መልሶ እንደሚጠብቀው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም እንደሚኖሩበት አንድ መምህር እያስተረጎመልኝ ተናገርኩ። ድንጋይ ያቀበሉኝ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ገብታችሁ ታጭዳላችሁ?» አሉ። አዎ፣ በተፈቀደው ጊዜ እናጭዳለን አልኳቸው። ጥያቄውን ደገሙት።

ለምን እንደ ደገሙት የገባኝ ቆይቶ ነው። ከካቡ ወዲያ ያለው ደን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የተከለለ ፓርክ ነው፤ ለእንጨትም ለሣርም አይገባበትም። በምትኩ ጎሪላ ለማየት የሚመጣ የውጭ አገር ሰው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ይከፍላል፣ ከፓርኮች የቱሪዝም ገቢም 10 በመቶው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ይመደባል። በዚህ ገንዘብ የተሠሩ የመማሪያ ክፍሎችንና የውኃ ቧንቧዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ ከደናቸው ገንዘብ ያገኛሉ፣ ሣር ግን አያጭዱም፤ እኛ ሣሩን እናጭዳለን፣ ገብሳችንን ጭላዳ ሲበላው ግን ካሳ የሚሰጠን የለም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በየማታው ከማማ ጋር እንነጋገር ነበር፤ እሷ ገንዘቡን፣ እኔ ሣሩን መረጥን፣ አንዳችን ሌላችንን ማሳመን ግን አልቻልንም።

ስመለስ ከቤት ያመጣሁትን ባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብሴን፣ ለማማ ትቼላት መጣሁ። መሐል ሜዳ የገባሁ ማታ አባቴ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ካቡ ነበር፤ ቁመቱን ደረቴን በእጄ ነክቼ አሳየሁት፣ የመሠረቱንም ስፋት በክንዴ ለካሁለት። ጥቂት አሰበና «ከካቡ ወዲያ ያለውን ሣር ማን ያጭደዋል?» አለኝ። ማንም አልኩት። እሱም እንደ ሽማግሌው ጥያቄውን ደገመው።