ከበሮ እስኪነሣ፦ ከደብረ ታቦር እስከ ላሊበላ

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የተሳፈርንበት ሚኒባስ ወረታ ላይ «ሁለት ሰው ብቻ ቀረ» እየተባለ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ፤ ደብረ ታቦር ስንገባ ቀትር አልፏል። በመዘግየቱ ተናድጄ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቆይታ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አነጋገሩኝ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን የዝማሬ ስልት አይቼ ለገና ላሊበላ እንደምደርስ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ» አሉ። «እናንተ ኦርቶዶክሶች ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ አይገባም ትላላችሁ፤ ከበሮ ግን ትመታላችሁ። ሁለቱም መሣሪያ አይደለም ወይ?»

ብዙዎቻችን እንዲህ ስንጠየቅ «ሥርዓት ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ወይም መዝሙር 150ን እንጠቅሳለን። መዝሙሩ ግን ከከበሮና ከጸናጽል ጋር መለከትን፣ በገናንና መሰንቆንም ስለሚጠራ፣ ብቻውን ከተጠቀሰ ለእኛም ለእሳቸውም እኩል ይመሰክራል። እኔም በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም። ዳዊት በታቦቱ ፊት በከበሮና በጸናጽል መዘመሩን ብቻ አነሣሁ፤ እሳቸውም ያውቁታል። በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት መልስ ግን «የትኛው መሣሪያ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «መቼ ይነሣል? ከምንስ በኋላ?» የሚለውን የሚመለከት ነው።

ደብረ ታቦር ኢየሱስ የተክሌ አቋቋም ቤት ነው። አቋቋም የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመቋሚያ (በመደገፊያው ዘንግ)፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ በሰውነት እንቅስቃሴም የሚቀርብበት ትምህርት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት ከሚባሉት ስልቶች ሌላ ይህን አለቃ ገብረ ሐና አወጡት፤ ልጃቸው ተክሌ አስፋፋው፤ ስሙም በልጁ ቀረ። የጣናን ማዕበል አይተው ነው ያወጡት ይባላል። ደቀ መዛሙርቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው አብረው ሲያዘነብሉ ካየሁ በኋላ፣ ነገሩን ለማመን አልተቸገርኩም።

የኔታ በማግስቱ ጠዋት አንዲቱን ቃል አራት ጊዜ አስኬዷት። መጀመሪያ ቁም ነው፦ ድምፅ ብቻ፣ እጅ አይንቀሳቀስም፣ መቋሚያው ብብት ሥር እንደተደገፈ ይቆያል። ቀጥሎ ዝማሜ፦ መቋሚያው ይነሣል፣ ከዜማው ስብራት ጋር ይወርዳል፣ ሰውነት ይከተለዋል። ከዚያ መረግድ፦ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ ግን ቀስ ብለው፣ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ትንፋሽ የሚያስገባ ቦታ እየተዉ። በመጨረሻ ጽፋት፦ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመርበታል። እንግዳ ሰው የሚያስታውሰው ጽፋቱን ነው፤ በስልክ የሚቀረጸውም እሱ ነው። ጽፋቱ ላይ የሚደረሰው ግን ቃሉ ሁለት ጊዜ ያለ ምንም ከበሮ ከተባለ በኋላ ነው።

አንድ ወጣት መረግዱ ላይ ቸኮለ። ከበሮው ዜማውን ቀደመ፣ ዘማሪዎቹም እሱን ለመያዝ ሲሮጡ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ዋጧቸው። የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ሁሉንም አስቆሙ፤ የመለሷቸውም ወደ መረግዱ መጀመሪያ ሳይሆን ወደ ቁሙ ነው። «ከበሮ ቃል አያውቅም» አሉት። «ቃሉን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ እስክትጨርስ እሱ ይጠብቅ።» ለእናቲቱ ይህን አንድ ነገር ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ከበሮውን ከትምህርቱ በኋላ ቀርቤ እንዳየው ፈቀዱልኝ። ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፣ ሁለቱም በበሬ ቆዳ የተሸፈኑ። ከአፍ እስከ አፍ ጠፍር ይሄዳል፣ በላዩ ጨርቅ ይለብሳል፣ አንገት ላይ የሚውል ማንገቻ አለው። ሊቃውንቱ ሲያመሠጥሩት ሰፊው አፍ የክርስቶስ መለኮቱ ነው፣ ጠባቡ ትስብእቱ፣ ማለትም ሰው መሆኑ፤ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ። ይህን ምሥጢር ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው የቆዳውን ጠባይ ነው። ሌሊቱ በርዶ ስለነበር ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል፤ ሲመታ ድምፁ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። አንዱ ልጅ ከበሮውን አውጥቶ ሰፊውን አፍ ወደ ፀሐይ አዞረው። ጠባቡ ቶሎ ስለሚወጠር ብዙ ሙቀት አያስፈልገውም። እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን አይፈቀድም፤ ቆዳው ከዳር ዳር በአንድ ጊዜ ስለማይደርቅ፣ ጠፍሩ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ላይ ይቀደዳል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። ልጁ በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ ሦስት ጊዜ ፈተሸው፤ ሦስተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ አስገባው።

አዲስ አበባ እኔ በማስቀድስበት ደብር ማይክሮፎን ከበሮው አፍ ላይ ይደቀናል። ድምፅ ማጉያው የከበሮውን ምት ሁሉ እኩል ያገዝፈዋል፤ መረግድና ጽፋት አይለዩም፣ የጸናጽሉ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል፣ የመሪጌታው ድምፅ ከምቱ ሥር ይቀበራል። ይህ ያሳዝነኛል። መሣሪያው የተፈቀደ ሆኖ ሳለ ያላግባብ ከቃሉ በላይ ሲሆን የማየው እዚያ ነው። ማይክሮፎኑን ሁለት ሜትር አርቆ በመሪጌታው ፊት ማቆም ብቻ ብዙውን ያስተካክላል፤ ደብረ ታቦር ላይ ያለ ምንም ማጉያ ከቅጥሩ ውጭ ድረስ ቃሉ ይለይ ነበር።

ረቡዕን ደብረ ታቦር አሳልፌ ሐሙስ ወደ ጋይንት ወጣሁ፤ ዋናውን መንገድ ለቅቀን በእግር ብዙ ሄድን። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት ናት፤ ተማሪው ትምህርቱን የሚያስመሰክርባት። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ስትታይ ክብ ናት፤ ውስጧ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ አለ። ከበሮ ለመስማት ወደዚህ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ደበሎ የለበሱ ልጆች ጎጆ በራፍ ላይ ተቀምጠው ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ በጉሮሯቸው ብቻ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ከፊደሉ በላይ በደቃቁ የተጻፉትን ምልክቶች ያጠናሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ቁርጥ። እነዚህ ስምንቱ ከነዝርዝራቸው ቃል በቃል ሳይያዙ ከበሮ መያዝ ትርጉም የለውም። ዓመታት ይፈጃል። አንዱ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ለቁራሽ ሲወጣ አብሬው ትንሽ ሄድኩ፤ ከበሮ መቼ እንደሚማር ስጠይቀው «ድጓውን ከመሰከርኩ በኋላ፣ አቋቋም ቤት ስገባ» አለኝ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ መቸኮል አላየሁም።

ነፋስ መውጫ ያደርኩበት ሌሊት መጥፎ ነበር። ብርድ አለ፣ ብርድ ልብሱ አንድ ነው፣ ከክፍሌ ሥር ደግሞ መጠጥ ቤት። መሰንቆው ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቀጠለ። የገና ጾም ነው፣ ሰው እየጨፈረ ነው። መተኛት ሲያቅተኝ ስለ መሰንቆው አሰብኩ። በመዝሙረ ዳዊት ስሙ ተጠርቷል፤ በእኛ ማኅሌት፣ በቤተ ክርስቲያኑ የሌሊት ዝማሬ፣ ግን ቦታ የለውም። እንጨቱ፣ ቆዳውና የፈረስ ጭራው አልበደሉም። የአዝማሪ እጅ ለዘመናት ያዘው፣ ጆሮአችንም ድምፁን ሲሰማ ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። በጸሎት መካከል ሐሳብን ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ድምፅ ማስቀረት ለእኔ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። የኪቦርዱም ጉዳይ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ኪቦርድ የድምፁን ከፍታ ራሱ ይወስናል፣ ዘማሪውን ይመራል፤ የያሬድ ዜማ ደግሞ በቁልፎቹ መካከል ባሉ ቦታዎች ያልፋል።

በገና ሌላ ነው። ማንም ዓለማዊ አይለውም፤ ሆኖም እሱም ማኅሌት ውስጥ አይገባም። አሥሩ አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል፣ አሥርቱ ትእዛዛት ይባላሉ። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው። እንዝራው የፀጉር ያህል ከቦታው ከተንቀሳቀሰ አውታሩ ይደርቃል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ይነካካል። በገና የብቻ ጸሎት ነው፣ በዐቢይ ጾም በየቤቱ ይደረደራል። በዚያው በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በቁምና በዝማሜ ይቆማል። ሁሉም ጾም ግን ከበሮ አያስቀርም፤ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል በገና ጾም ውስጥ ሆኖ ማኅሌቱ በከበሮ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበት ይህ ድልድል በጣም ያስደስተኛል።

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር አቧራ ነበር፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም። በስልክ 400 ብር የተባለልኝ አልጋ ስደርስ 1,200 ሆነ። «ገና ነው» አሉኝ። ለበዓለ ልደት በእግሩ ቀናት የተጓዘ ገበሬ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ሳለ ይህን ማለታቸው አስከፋኝ፤ ከፈልኩ እንጂ ወዴት እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኖቹ መውጫ ላይ ጸናጽል የሚሸጥበት መደብ አገኘሁ። የሚያምር፣ ነገር ግን የማይናገር ጸናጽል ነበር። ጸናጽል ሁለት የጎን ዘንጎች አሉት፣ በእነሱ መካከል ቀጫጭን ሽቦዎች ይሻገራሉ፣ በሽቦዎቹ ላይ የብረት ቅጠሎች ይንሸራተታሉ፤ የያዕቆብ መሰላል ምሳሌ ነው ይላሉ። ድምፁ የሚወጣው ቅጠሎቹ በነጻነት ሄደው ዘንጉን ሲመቱና እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። እኔ ያነሣሁት ላይ ሽቦው ጎብጧል፣ ቅጠሎቹም ከስስ ቆርቆሮ ስለተቆረጡ ይያዛሉ። የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ታች አንድ ጊዜ ወደ ላይ በእጁ አንጓ ብቻ ይሞክረው፦ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ለማኅሌት አይሆንም። እንደ ልጆች መጫወቻ ደጋግመው ካንቀጠቀጡት መጥፎውም ጥሩ ይመስላል፤ ሻጩም የሚያሳየው እንዲያ አድርጎ ነው።

እሑድ ማታ፣ በገና ዋዜማ፣ ከአለት ከተፈለፈሉት የላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖች አንዱ ወደሆነው ቤተ ማርያም ግቢ ገባሁ። ብርዱ ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ እኔ ደግሞ ነጠላ ብቻ ነው የያዝኩት። ሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አንድ ዲያቆን ምንም ሳይናገር ጋቢውን አወረደልኝ። እምቢ ስለው «እኔ ስዘምም ይሞቀኛል» አለና ወደ ረድፉ ተመለሰ። እውነቱን ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ መረግዱ ሲገባ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። እዚያ ከበሮ መቺዎቹ ከደብረ ታቦሮቹ ይልቅ በለስላሳ እጅ ይመታሉ፤ ከአለት የተፈለፈለው ግድግዳ ምቱን መልሶ ስለሚያመጣ፣ በኃይል ከተመታ የገደል ማሚቶው ከሚቀጥለው ምት ጋር ይጋጫል። ቀኝና ግራ የቆሙት ሁለቱ መቺዎች የሚተያዩት አንዱ የሌላውን እጅ ነው፤ ጆሮ እዚያ ያታልላል።

ከዚያ ቅዳሴ ተጀመረ፣ ከበሮዎቹም ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። የመሥዋዕቱ ሰዓት ነው። ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ ይቀባበላሉ፤ ከሰው ድምፅ ሌላ የሚሰማው የቃጭል ድምፅ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲሰማ ለቆየ ጆሮ ይህ ጸጥታ ከባድ ነው፤ አጠገቤ የነበረ አንድ አዛውንት ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር።

ሲነጋ ቤዛ ኩሉ ሆነ። ካህናቱ ጥንግ ድርብ ለብሰው፣ ራሳቸውን ጠምጥመው፣ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የአለት ጠርዝ፣ በማሜ ጋራ፣ ተደረደሩ፤ ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆሙ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፣ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ፣ የሚለው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይመለሳል። ከበሮው ወዲያው አልገባም። ቃሉ በሁለቱም ወገን ተብሎ፣ ሰዉም ይዞት ማለት ሲጀምር፣ ከላይ አንዱ ማንገቻውን አንገቱ ላይ አስተካክሎ የመጀመሪያውን ምት መታ። ጎንበስ ቀና ሲሉ ረድፉ በሙሉ አብሮ ወረደ፣ አብሮ ተነሣ። በጽፋቱ ላይ እልልታው ስለጨመረ ከበሮውን ከሕዝቡ ለመለየት አልቻልኩም፤ ቃሉ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማኝ ነበር።

ሲያበቃ ዲያቆኑን ፈልጌ ጋቢውን መለስኩለት። ከበሮ ይዞ ነበር፤ የማንገቻው መስመር አንገቱ ላይ ቀልቷል። ከበሮውን ለአንድ ልጅ ሰጠው፣ ልጁም ጨርቁን አልብሶ አቅፎት ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደ።