ጠረጴዛ ላይ የዋኙ ዓሣዎች

ዓሣዎቹን መጀመሪያ ያየኋቸው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጓደኛዬ ከታይዋን ገበያ ያገለገለ ሶናር ገዝቶ መጣ። ጀልባ ላይ ታስሮ ዓሣ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ባትሪ ስንሰጠው ስክሪኑ በዓሣ ተሞላ። ጥልቀት 18 ሜትር ይላል። ቤቱ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ የኔ ግማሽ ሃይላንድ ብቻ።

«አቦ፣ ሻጩም እንዲህ ነው ያሳየኝ!» አለ።

ለካ ሲሙሌተር ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ለማሳያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውሃ ሳይነካ የውሸት ዓሣ ያስዋኛል። ሜኑው ውስጥ ገብቼ ሳጠፋው ዓሣው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ጓደኛዬ ያበላሸሁበት መስሎት ክፉኛ አየኝ።

እሁድ ጠዋት ይዘነው ወደ ሐረማያ ወጣን፣ አጎቱ ጋ። የድሬ ልጅ ደንገጎን ሲወጣ መጀመሪያ ጆሮው ይደፈናል፣ ቀጥሎ ጃኬት አለመያዙ ትዝ ይለዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ጃኬት ይዤ አላውቅም።

ሐይቁ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ፣ ሐረር ከተማም ስትጠጣው ኖራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። አሁን ውሃው ተመልሷል። አጎትየው ትንሽ የፋይበር ጀልባ አላቸው። (ጓደኛዬ «አንተ» ነው የሚላቸው፤ በኛ በድሬ አንቱታ ብርቅ ነው። እኔ ግን ስጽፍ አፍራለሁ።)

መሐል ገብተን አበራነው። ጥልቀት በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ። ጭራሽ በየደቂቃው ይጠፋል።

መጥፋቱ ቀላል ነበር። ባትሪው የባጃጅ ነው። በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት። ሶናሩ ሲበራ ግን መሣሪያው ጋ የሚደርሰው 9 ብቻ። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ሽቦውን አጥብቄ አሰርኩ፣ መጥፋቱ ቆመ። ሰረዙ ግን እንዳለ ነው።

ከዚያ ትራንስዱሰሩን አየሁ፤ ድምፅ የሚልከው፣ ማሚቶውንም የሚቀበለው ጭንቅላት ነው። ጓደኛዬ ከጀልባው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በሲሊኮን ለጥፎታል። በፋይበር በኩል ድምፅ ማለፉ እውነት ነው፣ እንዲህ የሚገጥሙትም አሉ። ግን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ሲሊኮኑ ሥር አተር አተር የሚያካክሉ አረፋዎች አሉ። ጉዱ እዚያ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ አየር ሲያገኝ ግን ከግድግዳ እንደተጋጨ ኳስ ተመልሶ ይመጣል። ሶናራችን ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጠው የገዛ አረፋውን ነበር።

ላጥኩት። የተረፈውን ሲሊኮን ጠርጌ እንጨት ጫፍ ላይ አሰርኩትና ከጀልባው ጎን አንድ ስንዝር ያህል ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

2.3።

«አታምነው» አሉ አጎትየው። ከእግራቸው ሥር ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አወጡ። በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አለው። ለቀቁት፣ ድንጋዩ አረፈ፣ ቋጠሮውን በጣታቸው ቆጠሩ፦ አምስት። ሁለት ሜትር ተኩል። መሣሪያው ውሸታም ነው ብለው ሳቁ። ልዩነቱ ግን የኔ አንድ ስንዝር ነው፤ ሶናሩ የሚለካው ከራሱ ጀምሮ እንጂ ከውሃው ፊት አይደለም። ሜኑው ውስጥ ያንን መጨመሪያ ቦታ አለ፣ ሞላሁት። ያኔ ዝም አሉ።

ከዚያ ዓሣ መጣ! ጓደኛዬ ጮኸ። አጎትየው መቅዘፊያቸውን ሰድደው አንድ እቅፍ የውሃ አረም አወጡ። «ይኸው ዓሣህ።» መሣሪያው ምን ያድርግ፤ ከወለሉ በላይ ማሚቶ የመለሰ ሁሉ የዓሣ ሥዕል ይሳልበታል። አረምም፣ ቅጠልም፣ አረፋም። ሥዕሉን አጥፍቼ ጥሬውን ምልክት ብቻ አስቀረሁ።

ስንመለስ የወለሉ መስመር ድንገት ዘቀጠ። 2.5 የነበረው 3.8 አለ። ተበላሸ ብዬ ሽቦውን ልነካ ስል አጎትየው እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ውሃው የደረቀ ጊዜ እዚህ ጋ ጉድጓድ ቆፍረን ነበር፣ ለፓምፑ። የት እንደነበር ጠፍቶኝ ነው እንጂ።»

ጀልባውን አዙረው እንደገና በላዩ ቀዘፉ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።